ከየትኛውም ጥግ

አያቴ ዱሬሳ ሲሞቱ ሁለት ልጆችና አንድ ሦስት ማዕዘን ትተው ሄዱ።

ልጆቹ እናቴ ድንቅነሽና ታላቅ ወንድሟ መገርሳ ናቸው። ሦስት ማዕዘኑ ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ጤፍና ሽምብራ ሲፈራረቁበት የኖረ ማሳ ነው። አንዱ ጎኑ አስፋልቱ፣ አንዱ ጎኑ ወንዙ፣ አንዱ ጎኑ የመጋዘን ግንብ ነበር። አስፋልቱ ወንዙን በሚያገኝበት ጥግ ድልድይ፣ ግንቡን በሚያገኝበት ጥግ የመጋዘኑ በር አለ። ግንቡ ከመምጣቱ በፊት ማሳው አራት ማዕዘን እንደነበር ትልልቆቹ ያወራሉ፤ አራተኛው ማዕዘን የት እንደገባ ግን መጋዘኑን የጠየቀ ሰው አላውቅም።

ጊዜው ሚሊኒየሙ የገባበት ዓመት ነው። አሥራ አራት ዓመቴ ነው፣ ስምንተኛ ክፍል ነኝ። ስለ መሬት የማውቀው ሰው እንደሚቆምበት ብቻ ነው። ስለ ሦስት ማዕዘን ግን በሰፈራችን ከእኔ የሚበልጥ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ለዚህ ተጠያቂው የሒሳብ አስተማሪያችን ቲቸር ዘአማኑኤል ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ የኮቱ እጅጌ እስከ ክርኑ ጠመኔ የለበሰ። ለእሱ ፕሩፍ መጻፍ ማለት ችሎት ማስቻል ነው። ሰሌዳውን ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፦ የተሰጠ፣ የሚረጋገጥ፣ ማረጋገጫ። «የተሰጠ» ከሚለው ሥር ያልተጻፈ ነገር ማረጋገጫው ውስጥ ካገኘ እንደ ሌባ ይይዘዋል። አንድ ጊዜ ፈተና ላይ፣ ሥዕሉ ላይ ቀጥ ብሎ ስለታየኝ ብቻ አንዱን ማዕዘን ዘጠና ዲግሪ አድርጌ ሠራሁ። ከአሥር አራት ሰጠኝ፤ ከጎኑ በቀይ «ማን ሰጠሽ?» ብሎ ጻፈበት። ከዚያ ወዲያ ያልተሰጠኝን ነክቼ አላውቅም። ሌላው አመሉ «ለማንኛውም» ማለት ነበር። ለአንዱ ሦስት ማዕዘን፣ ከአንዱ ጥግ ተነስቶ የሠራ ተማሪ ግማሽ ማርክ ያገኛል። ለማንኛውም ሦስት ማዕዘን፣ ከማንኛውም ጥግ ተነስቶ የሠራ ሙሉ ያገኛል።

በዚያ ሰሞን ሚዲያንና አልቲቲዩድ ላይ ነበርን። ከአንድ ጥግ ተነስቶ ፊት ለፊቱ ያለውን ጎን እኩል ለሁለት የሚከፍለው መስመር ሚዲያን ይባላል። ከጥጉ ወርዶ ጎኑ ላይ ቀጥ ብሎ፣ በዘጠና ዲግሪ የሚያርፈው ደግሞ አልቲቲዩድ ነው። ክፍሉ በሙሉ ሁለቱን ያምታታል። እኔ አላምታታም።

በቤታችን ደግሞ ሌላ ወሬ ነበር። እናቴ ክር ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። አባቴ ተክሌ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ በወር ውስጥ ቢበዛ ስድስት ቀን ቤት ያድራል። እሱ በመጣ ቁጥር ሁለቱ ከመጋረጃው ወዲያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ማሳው ያወራሉ። ሴት ልጅ ከአባቷ መሬት ትካፈል የሚለውን ሽማግሌዎቹ እስኪቀበሉ ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል። አባቴ በሚስቱ ርስት እጁን ማስገባት ነውር ስለሚመስለው ምክር ከመስጠት በቀር ምንም አያደርግም። ምክሩም «አንቺ ታውቂያለሽ» የሚል ነበር።

ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ደጋግሜ የምሰማው ቃል ግማሽ ነው። ግማሼን፣ ግማሽሽን፣ ከግማሹ በታችማ አልቀበልም። ስለ ቁርስ ቤትም ታወራ ነበር። የክሩ ብናኝ ደረቷ ውስጥ ገብቶ ሳል ጥሎባታል፤ ከፋብሪካው የሚያወጣት አንድ ነገር ቢኖር መንገዱ ዳር የምትቀልሳት አንዲት ክፍል ቆርቆሮ ቤት፣ አራት አግዳሚ፣ ጎህ ሳይቀድ የሚደርስ ፍርፍርና ሻይ ነው። ሹፌር የት ቆሞ እንደሚበላ ከሹፌር ሚስት በላይ ማን ያውቃል ትላለች። ይህን ሁሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግን ግማሽ ሒሳብ ነው፣ ቁርስ ቤት ሒሳብ አይደለም። ስለዚህ ግማሹን ያዝኩ፣ ቁርስ ቤቱን ተውኩ።

አንድ እሑድ አጎቴ መገርሳ ኮት ደርቦ፣ ዣንጥላ ይዞ መጣ። አጎቴ ወፍራም ነው፣ ቀስ ብሎ ይናገራል፤ አንድ ነገር ሲነግሩት መልሶ መላልሶ ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት ሞኝ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ሻዩን ጠጥቶ ሲጨርስ ሐሳቡን አቀረበ። ወንዙና ግንቡ ከሚገናኙበት ከኋላው ጥግ እንነሳ፣ መስመሩን ቀጥ አድርገን ወደ መንገዱ እናውርደው፤ በድልድዩ በኩል የቀረው ለአንቺ፣ በመጋዘኑ በር በኩል የቀረው ለኔ። ቀጥ ያለ መስመር ማንንም አያጭበረብርም አለ፤ ይህን ሲል በእጁ አየሩን እንደ ሙዝ ሰነጠቀው።

እሱ ከወጣ በኋላ እናቴ ኩባያውን ሳታነሳ ተቀምጣ ቀረች። የሆነ ነገር ጎድሏል፣ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም አለችኝ። ደብተሬን አምጥቼ ማሳውን ሣልኩላት። በግንቡ በኩል ያለው ጎን ይበልጥ ሸርተት ያለ ስለሆነ፣ ቀጥ ብሎ የወረደው መስመር መንገዱን መሐል ላይ አያገኘውም፤ ወደ ድልድዩ ተጠግቶ ነው የሚያርፈው። አጎቴ ያወረደው አልቲቲዩድ ነው አልኳት። እሱ ደግሞ ምንድን ነው አለች።

«ስርቆት ነው» አልኩ።

እናቴ ከዚያ በፊት ደብተሬን እንደዚያ ትኩር ብላ አይታ አታውቅም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ማሳው ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ሦስት ነበሩ። ዋናው ዳኛ ኦቦ ቢራ ናቸው፤ የአያቴ የዕድሜ እኩያ፣ ዓይናቸው የፈዘዘ፣ ገመዳቸውን ከጉልበታቸው ላይ የማያወርዱ። ገመዱ በየአምስት ክንዱ የተቋጠረ ሲሆን፣ በዚያ አካባቢ በወንድማማቾች መካከል የተከፈለ ማሳ ሁሉ በእሱ ነው የተከፈለው። በወንድምና በእህት መካከል ግን ያ የመጀመሪያው ነበር።

እናቴ እኔን ይዛ መምጣቷ አላማራቸውም። በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ ሽማግሌ ፊት የምትቆመው ውሃ ልታቀብል ነው። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ መሬት መሬት እያየች፣ ልጄ ተምራለች፣ ከፈቀዳችሁልኝ እሷ ትናገርልኝ አለች። አጎቴ ቀድሞ ፈቀደ። ትናገር፣ የእህቴ ልጅ ናት፣ ደስ ይለኛል አለ።

አፈሩ ጥቁር ነበር፣ ጠል ይዟል። በእንጨት የሣልኩበት ሦስት ማዕዘን እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ጥጎቹን ኤ፣ ቢ፣ ሲ አልኳቸው፤ ኤ የኋላው ጥግ፣ ቢ የድልድዩ፣ ሲ የመጋዘኑ በር። ከጀርባዬ ተሳቢዎች ጥሩንባቸውን እየነፉ ያልፋሉ፤ አንድ ቀን በእናቴ ቁርስ ቤት ሊበሉ የሚችሉ ሹፌሮች በሙሉ በእኔ ማረጋገጫ ላይ እየጮኹ ያለፉ ይመስለኛል። ያን ጊዜ ግን በጣም አናደዱኝ። ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

መጀመሪያ የአጎቴን መስመር አወረድኩ። በሁለቱም በኩል ቁመቱ አንድ ነው፣ መሠረቱ ግን አንዱ ሠላሳ እርምጃ፣ አንዱ ስድሳ፤ ስለዚህ እናቴ የምታገኘው ሲሶውን ነው አልኩ። ቀጥሎ ሚዲያኑን ሠራሁ። ገመዱን በመንገዱ ልክ ዘርግታችሁ ለሁለት ብታጥፉት መሐሉ ይገኛል፤ ከኋላው ጥግ ወደዚያ መሐል ብትወርዱ መሠረቱም እኩል፣ ቁመቱም አንድ፣ ስፋቱም እኩል ነው። ኦቦ ቢራ ገመዱን አስዘረጉ፣ አሳጠፉ፣ እንደገና አስዘረጉ። ከዚያ እርስ በርሳቸው በኦሮምኛ ተነጋገሩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

እዚያ ላይ ብቀመጥ ኖሮ እናቴ የመሬቱንም የመንገዱንም ግማሽ ይዛ ትሄድ ነበር። ይህን የማውቀው አሁን ነው። ያን ዕለት ግን ገና ግማሽ ማርክ ላይ ነበርኩ።

አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገና በዣንጥላው ጫፍ የድልድዩን ጥግ ነካ። «ከዚህኛው ብንነሳስ?»

«እኩል ነው» አልኩት።

«ከዚህም?»

«ሚዲያን ከሆነ ከየትኛውም ጥግ እኩል ነው።»

«ከየትኛውም» አለ ቀስ ብሎ፣ እንደሚሸመድድ ተማሪ።

አሳዘነኝ። ሦስቱንም ሚዲያኖች አፈሩ ላይ አሰመርኩለት፣ ሦስቱንም አንድ በአንድ አረጋገጥኩለት። እሱም በየመሐሉ እየጠየቀ፣ እሺ እያለ፣ አገጩን እያሻሸ ሰማኝ። ተሸነፈ ብዬ ነበር የማስበው። አሁን ሳስበው በዕድሜዬ ካስረዳኋቸው ሰዎች ሁሉ እንደ አጎቴ ቶሎ የገባው የለም።

«እንግዲያው ከድልድዩ ጥግ ይሁን» አለ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ። «መስመሩ ከድልድዩ ተነስቶ ግንቡ መሐል ይድረስ። በመንገዱ በኩል ያለው ለኔ፣ በወንዙ በኩል ያለው ለእህቴ።»

ኦቦ ቢራ እንደ ደንቡ ዕጣ እንጣል አሉ። አጎቴ፣ እኩል ለሆነ ነገር ዕጣ ምን ይሠራል ብሎ በጨዋ ደንብ ጠየቀ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ፤ ትክክል ነበር። ሁለት እኩል ነገሮች መሐል መምረጥ ትርጉም የለውም። እንዲያውም ለመጀመሪያ ጊዜ አጎቴ እንደ ተማረ ሰው ሲያስብ አየሁት።

ኦቦ ቢራ የፈዘዘ ዓይናቸውን ወደኔ መለሱ።

«መንገዱስ፣ የኔ ልጅ?»

«መንገድ አልተሰጠም» አልኩ።

አልገባቸውም። አስረዳኋቸው። የተሰጠን ሦስት ማዕዘን ነው፣ የተጠየቅነው እኩል መሆኑን ነው፤ ያልተሰጠ ነገር ማረጋገጫ ውስጥ አይገባም። በቀኛቸው የተቀመጡት ሽማግሌ ከት ብለው ሳቁና ይቺስ ዳኛ ትሆናለች አሉ። ኦቦ ቢራ አልሳቁም። እናቴን በስሟ ጠርተው፣ አንቺስ ምን ትያለሽ አሏት። እናቴ አፈሩ ላይ የሠራሁትን ሥዕል ረጅም ጊዜ አየችው። ዓይኗ ውስጥ እንባ ሲያቀርር አየሁ።

«ልጄ ካለችው አልወጣም» አለች።

እርጥብ ሣር ተነጨ። ሁለቱ ወንድምና እህት በእጃቸው ያዙት፣ ሽማግሌዎቹ መረቁ። ሣር ተይዞ የተመረቀ ክፍፍል በእኛ ሰፈር አይከፈትም፤ ልክፈት የሚል ከሰው ይወጣል፣ ሰርግ አይጠራም፣ ለቅሶውን የሚደርስለት አያገኝም። አጎቴ ሲሄድ ራሴን ዳብሶ ፕሮፌሰር አለኝ። በሳምንቱ ኮምፓስና ማስመሪያ ያለበት ባለ ቆርቆሮ ሳጥን ልኮልኛል፤ የተሸናፊ እጅ መንሻ አድርጌ ነው የተቀበልኩት። ሰኞ ለቲቸር ዘአማኑኤል ነገርኩት። ክፍሉን በሙሉ አስጨበጨበልኝ።

ሁለቱ ቁራሾች በእርግጥ እኩል ነበሩ፤ አሁንም ሄዶ የሚለካ ሰው እኩል ሆነው ያገኛቸዋል። የአጎቴ ቁራሽ ዘጠናውንም እርምጃ መንገድ ያዘ። የእናቴ መንገዱን የሚነካው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ድልድዩ ጥግ ላይ፣ በነጥብ። ነጥብ ደግሞ ወርድም ርዝመትም የለውም፤ ይህንን የተማርነው ገና የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ነው። እኔ ስርቆት ያልኩት የአጎቴ የመጀመሪያ ሐሳብ እንኳ ሠላሳ እርምጃ መንገድ ይሰጣት ነበር። በሠላሳ እርምጃ ላይ ሦስት ቁርስ ቤት ይሠራል።

አጎቴ በዚያው ዓመት ስድስት በር ሱቅ ሠርቶ አከራየ። ሁለተኛው በር ቁርስ ቤት ሆነ። አባቴ ከጅቡቲ ሲመለስ አንዳንዴ እዚያ ይበላ ነበር፤ ፍርፍራቸው ይጥማል ይላል። እናቴ በአጎቴ ግቢ፣ በአጎቴ ፈቃድ እያለፈች ወንዙ ዳር ጎመን ተከለች። ከጥቂት ዓመት በኋላ መግቢያ የሌለውን መሬት መጋዘኑ ወሰደውና ግንቡ ረዘመ። ፋብሪካው ውስጥ እስከ ጡረታዋ ሠራች።

ይህ ሁሉ ዓይኔ ሥር ሲሆን እኔ ያረጋገጥኩት ነገር ልክ ስለነበረ ምንም አልታየኝም። የታየኝ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ቅየሳ መማር ስጀምር ነው። አስተማሪው የመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ አንድ የተጣመመ ቦታ ሣለና፣ ቁራሽ መሬት ስታዩ ከስፋቱ በፊት የምትጠይቁት ምንድን ነው አለ። ከኋላ አንዱ፣ መግቢያው በየት ነው፣ ብሎ መለሰ። ደብተሬን ዘግቼ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ እናቴን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ገብቷት ነበር አልኩ። ሥዕሉን ያን ያህል ጊዜ ስታየው ሁሉንም አይታለች፤ ግን መንገዱን ብትጠይቅ ልጇን ሽማግሌ ፊት ተሳስታለች ማለት ሊሆንባት ነው። በዚያ ዛፍ ሥር ቆማ የተናገረች የመጀመሪያዋን ሴት ልጅ ቁጭ በይ ላለማለት ብላ ዘጠና እርምጃ መንገድ ከፈለች። ይህንን ከአሥር ዓመት በላይ ይዤው ዞርኩ። ለጓደኞቼ ስነግራቸው ሁልጊዜ አንዷ ታለቅሳለች። እውነቱን ለመናገር ታሪኩ እኔንም በጣም ተስማምቶኝ ነበር፤ ጥፋቴን ይዞ መጥቶ የተወደድኩ ሰው አድርጎኝ ይሄዳል።

እናቴ አሁን ከኔ ጋር ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ስትለቅም ጠየቅኳት። ያን ቀን ገብቶሽ ለምን ዝም አልሽ አልኳት።

«ምኑ ነው የሚገባኝ?»

«መንገዱ በሙሉ ለሱ መሄዱ።»

«አልገባኝም ነበር» አለች፣ ከምስሩ ቀና ሳትል። «ቢገባኝማ ጆሮሽን ይዤ አስቀምጥሽ ነበር። ከየትኛውም ጥግ እኩል ነው ስትይ መንገዱም አብሮ እኩል መስሎኝ።»

ዓይንሽ እንባ አቅርሮ ነበር እኮ አልኳት። ተሳቢው አቧራ አንስቶ ነው አለች። ከዚያ አንዲት ጠጠር አውጥታ ጣለችና መቼ እንደገባት ነገረችኝ። ክፍፍሉ ከተመረቀ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ ለቆርቆሮ ቤቷ ቦታ ልትመርጥ ሄደች። የአጎቴ ሠራተኞች ከድልድዩ ጀምረው ችካል ሲተክሉ አገኘቻቸው። የኔ በር በየት በኩል ነው አለቻቸው። አንደኛው ድልድዩ ሥር የቀረውን ክፍተት በአካፋው አሳያት። በጎን ቆማ ሞከረችው። አላሳለፋትም።

«ከዚያ ቤት መጥቼ ደብተርሽን አስነበብኩሽ» አለች። «ረስተሽዋል?»

አልረሳሁትም። ያን ቀን ከልጅነቴ ቀኖች ሁሉ በጣም የምወደው ቀን አድርጌ ነበር ያስቀመጥኩት።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። እናቴ ጫማዋ ጭቃ ይዞ ገባች፤ ነጠላዋን ሳታወልቅ አጠገቤ አልጋው ላይ ተቀመጠችና ለሽማግሌዎቹ የነገርሻቸውን እስቲ አንብቢልኝ አለችኝ። ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ አንድ መስመር አነባለሁ፣ አንድ መስመር እተረጉማለሁ። የተሰጠ፣ አልኳት። የሚረጋገጥ። ማረጋገጫ። ጣቷን ከጣቴ ሥር አድርጋ፣ ማንበብ የማትችለውን ፊደል እየነካች፣ መስመር በመስመር ተከተለችኝ። ስጨርስ እንደገና አለች። እንደገና አነበብኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ቀስ በይ አለችኝ፤ ቀስ ብዬ አነበብኩላት፣ ሥዕሉንም አንድ በአንድ አሳየኋት። እናቴ ጂኦሜትሪ ልትማር ነው ብዬ አሰብኩ።

ገጹን ገልብጣ ጀርባውን አየችው። ባዶ ነበር።

«ሌላ ገጽ የለውም?» አለች።

«አያስፈልገውም» አልኳት።